ቆጣሪዋና የታች ሰፈር መዝገብ

ውሃ ቆጣሪ ስታነብ ሃያ ሁለት ዓመት የቆየች ሴት ነበረች። ሰው ሁሉ «ቆጣሪዋ» ይላታል፤ እሷም ስሟ እስኪመስላት ለምዳው ነበር። አጠር ያለች፣ ስትራመድ ግን ረጃጅሞቹን ወደ ኋላ የምታስቀር፣ በብብቷ ልባሱ የተላላጠ ደብተር፣ በኪሷ የእጅ ባትሪና የቆጣሪ ክዳን መፈልቀቂያ ጠማማ ብረት የማይጠፋት ሴት። በከተማው እሷን ሲያይ የሚጮህ ውሻ የለም። እሷ የማታውቀው ግቢ ካለም ውሃ ያልገባለት ግቢ ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ በምርጫ ጽሕፈት ቤቱ የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ከምተርከው ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን የነገረችኝ ራሷ ናት።

ከተማውን የባቡር ሐዲድ ለሁለት ይከፍለዋል። ከሐዲዱ በላይ ላይ ሰፈር፣ ከሐዲዱ በታች ታች ሰፈር። ላይ ሰፈር የቤት ባለቤቶች፣ የጡረተኞችና የመንግሥት ሠራተኞች ሰፈር ነው፤ ታች ሰፈር የተከራዮችና የፈትል ፋብሪካ ሠራተኞች። ምርጫ በመጣ ቁጥር ከላይ ሰፈር ከመቶ ሰማንያ አንድ፣ ሰማንያ ሁለት ሰው ድምፅ ይሰጣል። ከታች ሰፈር ግን ከመቶ ሠላሳ አንድ። ይህ ቁጥር ለሦስት ምርጫ ያህል ፈቀቅ አላለም፤ እኔው በእጄ ስለምገለብጠው አውቀዋለሁ። ላይ ሰፈር የሚመርጠው የቁልፍ ምልክት ያለውን ፓርቲ ነው። ታች ሰፈር ከሚመርጡት ጥቂቶች መካከል አብዛኞቹ የመሰላል ምልክት ያለውን ይመርጡ ነበር።

በዚህ ላይ ተመሥርቶ ሁለቱም ወገን የየራሱን እውነት አበጅቶ ተቀምጧል። የመሰላሎች ተጠሪ የነበረው መምህር፣ ታች ሰፈር አንድ ቀን የነቃ እንደሆነ ከተማው የእኛ ነው ይላል። የቁልፎች ተጠሪ የነበረው ልብስ ሰፊ ደግሞ፣ ታች ሰፈር እንቅልፋም ነው፣ እንቅልፋም ደግሞ ቢቀሰቅሱትም ይገላበጣል እንጂ አይነሳም እያለ ደንበኞቹን ያስቅ ነበር። በሚጣሉበት ነገር ሁሉ አይስማሙም፤ ታች ሰፈር ተኝቷል በሚለው ግን ሁለቱም አንድ ነበሩ።

ልብስ ሰፊው የቆጣሪዋ ታላቅ ወንድም ነው። ሱቁ በላይ ሰፈር ዋናው መንገድ ላይ፣ ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ነው። እሷ የምትኖረው ታች ሰፈር፣ ስድስት በር ባለው ግቢ ውስጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ከባሏ የተለያየች ጊዜ ወደዚያ ወረደች፤ ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት አልፏል። እሁድ እሁድ ምሳ ወንድሟ ቤት ትበላለች። እሱ ግን አንድም ቀን ቤቷ መጥቶ አያውቅም፤ ሰበብ ስላላጋጠመው እንጂ በክፋት አይደለም።

የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀሩት፣ ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። በዚያ ዓመት የመራጮች መዝገብ ቤት ለቤት ይታደስ የሚል መመሪያ ከበላይ መጣባቸው። ጊዜው አርባ ቀን ነው። ሰው ሲያፈላልጉ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ቆጣሪዋን አዋሳቸው። ላይ ሰፈርን ሁለት ወጣት ጸሐፊዎች፣ ታች ሰፈርን እሷ ብቻዋን እንድትይዝ ተደረገ፤ ምክንያቱም ሌላ የሚፈልገው አልነበረም። የኃላፊው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ያለውን አረጋግጪ፣ የሌለውን ሠርዢ፣ አዲሱን ጻፊ፣ ከማንም ጋር አትከራከሪ።

መዝገቡን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ለታች ሰፈር 3,140 ስም ነበረበት። እዚያው ቆማ ጥቂት ገጽ ገለጠችና ሳቅ አለች። ምን እንደሆነ ስጠይቃት ጣቷን አንድ ስም ላይ አድርጋ፣ ይህ ሰውዬ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ቆጣሪውን በልጁ ስም ያዞርኩለት እኔ ነኝ አለችኝ።

ሥራውን የጀመረችው ከፋብሪካው ግንብ ጥግ ነው። በየበሩ ቆማ «እዚህ ቤት ማን ይኖራል?» ብላ አትጠይቅም ነበር። እንደዚያ ከተባለ ሰው መልሱን አስቦበት ነው የሚናገረው። እሷ የምትጠይቀው «ትናንት እዚህ ማን አደረ?» ብላ ነው። ለዚህ ሰው መዋሸት እስኪያስብ ድረስ እውነቱ ያመልጠዋል።

ከሁሉ ያስቸገሯት አከራዮች ናቸው። ተከራይ መኖሩ በወረቀት ከሠፈረ ግብር ይከተላል ብለው ይፈራሉ። አንድ የግቢ ባለቤት፣ ሽበታም ሰው፣ በሩን በገላቸው ጋርደው ቆመው፣ እሳቸውና ባለቤታቸው ብቻ እንደሚኖሩ ነገሯት። እሷም ወደ ቆጣሪው ሄደች፤ ክዳኑን ፈለቀቀች፤ አቧራውን በመዳፏ ጠረገችና አነበበች።

«አባባ፣» አለቻቸው፣ «ባለፈው ወር ሠላሳ አራት ሜትር ኪዩብ ውሃ ፈጅተዋል። ሁለት ሰው ይህን ሊጨርስ ቀኑን ሙሉ ገላውን መታጠብ አለበት።»

ከሽማግሌው ኋላ ባለው ክፍል ውስጥ የሆነ ሰው ሳቁን አፈነ። መዝገቡ ወደ ግብር ቤት እንደማይሄድ፣ ቢሄድ በአፌ ምራቅ አይዙር ብላ ከማለችላቸው በኋላ በሩን ለቀቁ። በግቢው አሥራ አንድ አዋቂ ሰው ተገኘ። ከአሥራ አንዱ በመዝገቡ ላይ ስማቸው የነበረው ሽማግሌውና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው።

በዚህ ዓይነት ቀን ቀንን እየገፋ ሄደ። ቆጣሪው ትንሽ፣ ስሙ ብዙ ከሆነ፣ ሰዎቹ ለቀው ሄደዋል ማለት ነው። ቆጣሪው ብዙ፣ ስሙ ትንሽ ከሆነ፣ ያልተጻፈ ሰው አለ ማለት ነው። በየማታው ደብተሯን አስተካክላ ትገለብጣለች። የሞተውን «አርፏል»፣ የሄደውን «ለቋል» ትላለች፤ ሌላ ሐተታ አትጨምርም።

በራሷ ግቢ የምትኖር አንዲት ጎረቤት ነበረቻት። በፈትል ፋብሪካው በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ፣ የመንታ ልጆች እናት ናት። ስሟ በትክክል መዝገቡ ላይ አለ፤ አራት ዓመት ሙሉ ያን ግቢ አልለቀቀችም፤ ድምፅ ግን ሰጥታ አታውቅም። ቆጣሪዋ በሥራዋ መሀል ለምን እንደማትመርጥ ጠየቀቻት። የመንታዎቹ እናት ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እጇን ሳታቋርጥ መለሰችላት። ፋብሪካው ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሁለት ነው፤ ምርጫ ጣቢያውም ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሁለት ነው። የቀን ፈረቃ ላይ ያለ ሰው አይደርስበትም። የሌሊት ፈረቃ ያለው ጠዋት ከማሽን ወርዶ፣ ሐዲዱን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ጣቢያው ያለበት ትምህርት ቤት ሲደርስ፣ የላይ ሰፈር ጡረተኞች ከንጋቱ ጀምረው ተሰልፈው ይጠብቁታል። ሦስት ሰዓት ሰልፍ ነው።

«ቆሜ አድሬ፣ ቆሜ ልዋል እንዴ፣ እትዬ?» አለቻት።

ቆጣሪዋ ይህን እንዳለ በደብተሯ ኅዳግ ጻፈችው። ከእሱ ቀጥሎ በእርሳስ አንድ ቁጥር አለ፤ በጊዜው ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። በኋላ እንዳወቅሁት በዚያ ሳምንት ብቻ ይህንኑ ነገር በሌላ በሌላ አነጋገር የነገሯት ሰዎች ብዛት ነው፤ አንድ መቶ ስድሳ ሦስት።

የታች ሰፈርን ሥራ ስትጨርስ አምስት ቀን ተረፋት። ኃላፊውም ላይ ሰፈር ወደኋላ ቀርቷልና እርጂ ብለው ላኳት። እዚያ ሥራው ቀላል ነበር። በየቤቱ የሚኖረው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ሰዎቹ በአማካይ ከሃምሳ ዓመት በላይ ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በፊት የተጻፈው ስም ዛሬም እዚያው በር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። በሁለተኛው ቀን ግን አንድ የምታውቀው አረንጓዴ በር ፊት ቆመች። ከባሏ ጋር የኖረችበት ቤት ነው። ቤቱ ውስጥ አሁን ባሏ፣ አዲሷ ሚስቱና እናቱ ይኖራሉ። በሩን የከፈተችው አዲሷ ሚስት ናት፤ የቆጣሪዋን ማንነት አታውቅም። ጥያቄዋን ጠይቃ፣ መልሱን ጻፈችና መዝገቡን አገላብጣ ስታነጻጽር በዚያ ቤት ቁጥር ሥር አራተኛ ስም አገኘች። የራሷ ስም ነው።

«ይቺን አላውቃትም» አለች ሴቲቱ አንገቷን አስግጋ እያየች።

ቆጣሪዋ በስሟ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረችና አጠገቡ «ለቅቃለች» ብላ ጻፈች። ያን ገጽ አይቼዋለሁ፤ ከሌላው ጽሕፈቷ የሚለይበት ነገር የለውም።

ውጤቱን ለኃላፊው ስታቀርብ እኔም ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ከ3,140 ስም 1,212ቱ የለም፤ 187ቱ ሞተዋል፣ 1,025ቱ ለቀዋል። ቀሪው 1,928 ነው። በየምርጫው ከታች ሰፈር ድምፅ የሚሰጠው ሰው 970 አካባቢ ነበር። ኃላፊው እርሳሳቸውን አንስተው አካፈሉ። ከመቶ ሃምሳ ነው እንጂ ከመቶ ሠላሳ አንድ አይደለም። ስንት ዓመት እንቅልፋም እየተባለ ሲሰደብ የኖረው ግማሹ ሙትና መንገደኛ ነበር። በዚህ ላይ ከዚህ በፊት ያልተጻፉ 874 ሰዎች አግኝታለች። አዲሱ መዝገብ 2,802 ሆነ።

ከሪፖርቱ ጋር አንድ ገጽ ሐሳብ አያይዛ ነበር። ለታች ሰፈር ሁለተኛ ምርጫ ጣቢያ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ የመጠበቂያ አዳራሽ ይከፈት፣ ሰዓቱም የቀን ፈረቃ እንዲደርስበት እስከ ምሽቱ ሁለት ይራዘም የሚል ነው። ኃላፊው ይህ የእሷ ሥራ እንዳልሆነ ነገሯት። ወረቀቱን ግን አልመለሱላትም። ደንቡ እንዲህ ያለው ነገር የፓርቲ ተጠሪዎች ከፈረሙበት ይቻላል ይላል፤ እሳቸውም ለሁለቱ ላኩት። መምህሩ በዚያው ቀን በደስታ ፈረመ። ልብስ ሰፊው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

በማግሥቱ ከሥራ በኋላ ወንድሟ ቤቷ መጣ። ግቢው ውስጥ የትኛው በር እንደሆነ ጠፍቶት መንታዎቹ አሳዩት። ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር ነው ያለው፤ እሱም ደብተር ተደርድሮበታል፤ ስለዚህ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ቆርቆሮውን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሥራ ካፖርቷን፣ አንዷን ብርጭቆ ተራ በተራ አየ። ውሃ ሰጠችውና ጠጣ። ከዚያ የመጣበትን ተናገረ። ጓደኞቹ እህትህ ናት ይቺን ነገር የጎነጎነችው እያሉ አፍጥጠውበታል። ለማይመጣ ሰው ደጃፉ ድረስ ሳጥን ተሸክሞ መሄድ ምን ይባላል? መምረጥ የፈለገ ሐዲዱን ይሻገራል። ወረቀቱን ራሷ እንድትስብለት ነው የመጣው።

እሷ ፊት ለፊቱ ቆማ ሰማችው።

«ጋሼ፣ እኔ ስንት ጊዜ የመረጥኩ ይመስልሃል?» አለችው።

«አንቺማ ትመርጫለሽ እንጂ።»

«አሥራ አራት ዓመት አንድም ቀን አልመረጥኩም። ስሜ እስከ ዘንድሮ እዚያ ባሌ ቤት ነበር። ሰልፉ ላይ እናቱ ትቆማለች፣ እህቶቹ ይቆማሉ። በየምርጫው ጠዋት ልብሴን ለባብሼ ሐዲዱ ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው እላለሁ። አንተ ሱቅህ ቆመህ እንቅልፋም ስትል እኔንም ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ወንድሟ።

«መቼ መጥተህ?»

ከዚያ በኋላ ስለ ምርጫው አላነሱም። ስለ ክፍሉ ኪራይ ጠየቃት፤ ቆርቆሮው ያፈስ እንደሆነ ጠየቃት። ሲወጣ ከበሩ ጉበን ጋር ተጋጭቶ ግንባሩን እያሸ ሄደ። በሦስተኛው ቀን የፈረመበት ወረቀት ለጽሕፈት ቤቱ ደረሰ። ምክንያቱን ለጓደኞቹ አልነገራቸውም፤ እነሱም ለረጅም ጊዜ ይቅር አላሉትም።

የምርጫው ቀን ጤና ጣቢያ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ጠዋት የሌሊቱ ፈረቃ ጥጥ ፀጉሩ ላይ እንዳለ መጣ። ብዙዎቹ ስማቸውን ሲጠሩ ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው፤ ማሽን አጠገብ የሚውል ሰው ልማዱ ነው። የመንታዎቹ እናት ሃያ ደቂቃ እንኳን አልፈጀባትም። እኩለ ቀን ላይ አዳራሹ ጭር አለ፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ የቀኑ ፈረቃ በአንድ ጊዜ ጎረፈና ሰልፉ እስከ መንገድ ወጣ። ቆጣሪዋ የመጣችው አሥር ሰዓት አካባቢ ነው። በአዲሱ መዝገብ የስሟ ተራ ቁጥር 2,411 ነበር። ፈርማ ወረቀቷን ተቀበለች፤ ከመጋረጃው ኋላ ከሌላው ሰው ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ቆየች፤ ስትወጣ አመስግናኝ ሄደች። ማንን እንደመረጠች አልጠየቅኋትም፣ አልነገረችኝምም።

ከ2,802 ሰው 1,990 ድምፅ ሰጠ። ከመቶ ሰባ አንድ። መሰላሎች ቆጠራው ሳያልቅ መዝፈን ጀምረው ነበር። ውጤቱ ሲነበብ ግን ቁልፍ 1,003፣ መሰላል 941፣ የተበላሸ 46 ሆነ። ታች ሰፈር ነቅቶ ለቁልፍ ድምፅ ሰጠ።

መምህሩ አላመነም። ወንድምና እህት መክረው የሠሩት ነው ብሎ አቤቱታ ጻፈ። በፊት እጇን እየጨበጠ ሲያመሰግናት የነበረው ሰው አሁን መንገድ ላይ ሲያያት ፊቱን ማዞር ጀመረ። ኮሮጆው ታሽጎ ሄዶ እንደገና ተቆጠረ፤ አንድም ድምፅ አልተለወጠም። ልብስ ሰፊውም በበኩሉ ተቸገረ፤ ጓደኞቹ እንዲህ ያለ ተንኮለኛ መሆንህን አናውቅም ነበር እያሉ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። እሱ ምንም ተንኮል አላሰበም። ቢናገርም የሚያምነው የለም።

ኃላፊው ነገሩ እንዴት እንደሆነ እንድታስረዳቸው አስጠሯት። እሷ እንደ ሁልጊዜው በደብተሯ ላይ ያለውን ብቻ ተናገረች። የመሰላል ዕጩዎች ታች ሰፈር ሲቀሰቅሱ ተስፋ የሰጡት የቤት ቦታ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ አሥር ዓመት የሞላው ሰው ቅድሚያ ያገኛል ብለው። ከ874ቱ አዲስ ተመዝጋቢዎች ውስጥ አሥር ዓመት የሞላው ከሃምሳ አይበልጥም። አብዛኞቹ ከሠላሳ ዓመት በታች ያሉ፣ ከገጠር ከመጡ ሁለት ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ሴቶች ናቸው። እነሱ ሰልፉ ላይ ቆመው ሲያስቡ፣ ያ ቦታ ለአከራያቸው እንጂ ለእነሱ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። ቁልፎች ስለ ቦታ ምንም አላሉም፤ ከፋብሪካው በር እስከ ሐዲዱ የመንገድ መብራት እንተክላለን ነው ያሉት። በዚያ መንገድ በጨለማ የሚመላለሰው ማን እንደሆነ ደግሞ የታወቀ ነው። ይህ ግምቴ ነው አለቻቸው፤ የሰው ሆድ ግን ቆጣሪ የለውም።

ኃላፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሪፖርቱን ለበላይ ሲልኩ ግምቷን አላካተቱትም።

አቤቱታው ዋጋ አስከፈላት። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ወሬ እስኪበርድ ብሎ ከታች ሰፈር አንስቶ ከከተማው ዳር ወዳለው አዲስ መንደር አዛወራት። በቀን ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ነው። እሷ አላጉረመረመችም፤ ጫማ ብቻ ለወጠች። ላይ ሰፈር ላይ ስለ እሷ የሚወራውንም ሰምታ እንዳልሰማች አለፈችው፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ትል ነበር። ወንድሟ በዚያ ዓመት በወር አንዴም ሁለቴም ታች ሰፈር መውረድ ጀመረ። አንድ ወንበር ይዞላት መጣ፤ ከዚያ በኋላ አልጋው ላይ አይቀመጥም። ፖለቲካ አያነሱም፤ ስለ ወገቡ ሕመምና ስለ መንታዎቹ ትምህርት ያወራሉ።

የመንገድ መብራቶቹ ተተከሉ። ከአሥራ ስምንቱ አሥራ አንዱ ይበራል።

ቀጣዩ ምርጫ ሲቃረብ አሮጌው ኃላፊ ጡረታ ወጥተው ነበር። አዲሷ ኃላፊ ወጣት ናት፤ ኮምፒዩተር ላይ የተጫነውን የታች ሰፈር መዝገብ ከፍታ፣ ባለፈው ጊዜ ስለታደሰ ዘንድሮ ቤት ለቤት መዞር አያስፈልግም አለች። እኔ ቆጣሪዋን ብትጠይቃት እንደሚሻል ነገርኳት። ቆጣሪዋ ተጠርታ መጣች፤ መዝገቡን ሳታይ፣ አራት ዓመት ለታች ሰፈር ረጅም ጊዜ ነው፣ ፋብሪካው ሁለት መስመር ዘግቷል፣ ከሦስት አንዱ ለቆ ሄዷል ብዬ እገምታለሁ አለች። ብቻዋን ግን አትሄድም፤ ጉልበቷ እንደ ድሮው አይደለም፤ አንድ ሰው አብሯት ይመደብ። የተመደብኩት እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከፋብሪካው ግንብ ጥግ ጀመርን። የመጀመሪያውን በር አንኳኳች። የከፈተችልን ልጅ እግር ሴት ናት፤ እጇ ሊጥ ነክቷል፤ ከኋላዋ ወለል ላይ ሁለት ፍራሽ ይታያል። ቆጣሪዋ ባለፈው መዝገብ የነበሩትን ስሞች አንድ በአንድ አነበበችላት። ሴቲቱ አንዱንም አታውቀውም።

«ትናንት እዚህ ማን አደረ?» አለቻት ቆጣሪዋ።

ሴቲቱ በጣቷ ቆጠረች፤ እሷ፣ ሁለት እህቶቿ፣ የአጎቷ ልጅ፣ አንዲት የሥራ ጓደኛዋ። እኔ አምስቱንም ጻፍኩ። ወደሚቀጥለው በር ሄድን።